ለተመረጠ ፍሬ የተለየ ዋጋ

በጃፓን ፍራፍሬ የክብር ስጦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የሐብሐብ ዘመድ ከሆነው የዩባሪ ሜሎን ሁለት ፍሬ በጨረታ 5 ሚሊዮን የን አውጥቷል። በሺዙኦካ ገበሬው በአንድ ሐረግ ላይ አንድ ፍሬ ብቻ አስቀርቶ ይንከባከባል።

እኛም ታማሚ ስንጠይቅ ብርቱካኑንና ሙዙን መርጠን እንይዛለን። ለገበያ ሲሆን ግን በሀዲያና በከምባታ አቮካዶው ብዙ ጊዜ ከዛፍ ይራገፋል፤ የተቀጠቀጠውም ከደህናው ጋር በአንድ ጆንያ ሆሳዕናና ዱራሜ ይደርሳል። ጉዳቱ የሚታየው ፍሬው ሲበስል ስለሆነ ነጋዴው ሁሉንም በዝቅተኛ ዋጋ ይገምታል።

በእኛ አስተያየት ጥፋቱን በገበሬው ላይ ብቻ መጣል አይገባም። ለሁሉም እኩል ከተከፈለ ተጠንቅቆ የሚለቅም አይኖርም። ስለዚህ የልማት ሠራተኛው ጫፉ ላይ ከረጢት ባለው ረጅም እንጨት መልቀምን ያሳይ፤ ማኅበሩም ፍሬውን በደረጃ ለይቶ ይክፈል። ክፍያው ሳይለይ ምክሩ ብቻውን አይበቃም።