ለዳኛዋ አበባው ይቅር፤ ትእዛዟ ይከበር!



በየዓመቱ ማርች 8 ሲደርስ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አዳራሽ ያጌጣል፤ ለሴት ሠራተኞች አበባና የምስክር ወረቀት ይታደላል፤ ባለሥልጣኑም ንግግር ያሰማል። በማግሥቱ የችሎት ጸሐፊዋና የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ወደዚያው ደመወዝ፣ ወደዚያው እርከን ይመለሳሉ። ይህ ዕውቅና አይደለም!

ለዳኛ ዕውቅና መስጠት ማለት ትእዛዟን መፈጸም ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ የፌዴራል ዳኛ የነበሩት ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ የቀድሞው መከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በዋስ እንዲለቀቁ አዘዙ። አቶ ስዬ ግን ከፍርድ ቤቱ ሳይርቁ እንደገና ተያዙ። ይባስ ብሎ በሙስና ለተጠረጠረ ሰው ዋስትና የሚከለክል ሕግ ወጣ። እኚሁ ዳኛ በኋላ የተቃዋሚ መሪ ሆነው ሁለት ጊዜ ታሰሩ፤ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ተደርገው ተሾሙ። አንድን ብቃት ሲያሻ ማሰር፣ ሲያሻ መሾም!

«ሴቶችን ሾመናል» ይሉናል። እውነት ነው፣ በ2011 ዓ.ም. የካቢኔው ግማሽ ሴቶች ሆኑ፤ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊም የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆኑ። ሹመቱ የሚገባቸው ነበር፤ አንክድም። እርሳቸው ከመሥራቾቹ አንዷ የሆኑበት የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለተጠለፉና ለተደበደቡ ሴቶች በነፃ ጥብቅና የቆመ ነው። ይህንኑ ማኅበር ግን በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አዋጅ ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ እንዳያገኝ ከልክሎ አሽመደመደው። አዋጁ እስኪሻር 10 ዓመት ፈጀ። ወይዘሮ መዓዛም በጥር 2015 ዓ.ም. በራሳቸው ጥያቄ ኃላፊነታቸውን ለቀቁ። በእርሳቸው ዘመንም ሆነ ከዚያ ወዲህ ፖሊስ በዋስ የተፈቀደለትን ተጠርጣሪ አልለቅም ማለቱን አልተወም።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 ሴቶች በሥራ፣ በዕድገትና በክፍያ እኩል ናቸው ይላል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅም መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደንግጎ ነበር። ስንቱ «ክፍል የለንም» አለ! ለስብሰባ ሲሆን ግን ክፍል ጠፍቶ አያውቅም።

ፓርቲያችን ከተመረጠ የፍርድ ቤት ትእዛዝ አልፈጽም ያለ ሹም፣ ማዕረጉ ምንም ይሁን ምን፣ በወንጀል ይጠየቃል። የዳኞችና የሠራተኞች የዕድገት ውጤትም ማን ስንት ነጥብ እንዳገኘ ተጽፎ በመሥሪያ ቤቱ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ ቅሬታ ያላት ሴትም ቆማ ታነበዋለች፣ ይግባኝም ትላለች።