ማስቲሹ ይድረቅ

በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ የኋላ ጎማዬ ተነፈሰ። ሦስቱንም ጊዜ የወሰድኩት አንድ መንገድ ዳር ወዳለ ጎሚስታ ነው። ልጁ ቀልጣፋ ነው፤ ብስክሌት ሲያይ ግን ፊቱ አይፈታም። «ጋሼ፣ ይቺ እኮ የሻይ እንኳ አትሆንም» ይለኛል። ከመነዳሪውን አውጥቶ ውሃ ውስጥ ይነክራል፣ አረፋ የሚተፋውን ቦታ ያገኛል፣ ማስቲሽ ይቀባል፣ ወዲያው ይለጥፋል፣ ይነፋል። በማግስቱ ጎማዬ ተኝቶ ይጠብቀኛል።

በአራተኛው ቀን ራሴ ፈታሁት።

ልጆች ሳለን ባሕር ዳር ላይ ብስክሌት በሰዓት የሚያከራዩን አንድ አባባ ነበሩ። የግራር እሾህ ያላስለቀሰው ጎማ አልነበራቸውም። ቀዳዳውን ስናገኝ እንጨፍራለን፤ እሳቸው ደግሞ «ጉድጓዱን ነው ያገኛችሁት፤ አይጡስ?» ይሉናል። ከመነዳሪው ከቫልቮላው ስንት ስንዝር ርቆ እንደተበሳ ይለኩና፣ በውጪው ጎማ ላይም ያንኑ ያህል ሄደው ይፈልጋሉ። በዓይን ካልታያቸው ቁራጭ ባዘቶ በጎማው ውስጥ ዙሪያውን ይጎትታሉ። ባዘቶው ከያዘ እሾሁ እዚያ ነው። ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ካዩ ግን እሾህ አይፈልጉም፤ ወደ እኛ ነው የሚዞሩት። በጎደለ አየር ድንጋይ ላይ ወጥተን ከመነዳሪውን በቸርኬው አስነክሰነዋል ማለት ነዋ!

ከሁሉ የሚያሰለቸን ማስቲሹ ነበር። ቦታውን በብርጭቆ ወረቀት ይፍቃሉ፣ ስስ አድርገው ይቀባሉ፣ ከዚያ ዝም ብለው ይቀመጣሉ። አምስት ደቂቃ ለልጅ ስንት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ምክንያቱ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው፤ በማስቲሹ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ተንኖ ካላለቀ ልጥፉ ይንሸራተታል እንጂ አይይዝም።

የትልልቆቹ ጎማ ሠሪዎችም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። በ1889 እ.ኤ.አ. አንድ ብስክሌተኛ የተነፈሰ ጎማ ይዞ ፈረንሳይ ውስጥ ወደ ሚሽላኖች ፋብሪካ ሄደ ይባላል። የዚያ ዘመን ጎማ ከቸርኬው ጋር የተጣበቀ ስለነበር ጥገናው ሦስት ሰዓት ፈጀ፤ ማስቲሹም እንዲደርቅ አደረ። ጠዋት ሲሞክሩት ብዙም ሳይሄድ ተነፈሰ። ኤዱዋር ሚሽላን በዚህ ተበሳጭቶ በ1891 እ.ኤ.አ. ከቸርኬው የሚወልቅ ጎማ አወጣ። ዛሬ በማንኪያ እጀታ ፈልቅቀን የምናወጣው በእሱ ብስጭት ነው።

የእኔ ጎማ ጉድ ግን እሾህ አልነበረም። አስፋልት ዳር በተጠራቀመ የጠርሙስ ስባሪ የውጪው ጎማ መሐል ለመሐል ተሰንጥቋል፤ የትንሽ ጣት ጥፍር ያህል። አየር በሞላ ቁጥር ከመነዳሪው በስንጥቁ ብቅ ይላል፣ ይፈተጋል፣ ይበሳል። ልጁ ሦስት ጊዜ የለጠፈው ውጤቱን ነበር።

ልጁን አልወቅሰውም። ለመኪና ጎማ የጠየቀንን እየከፈልን ለብስክሌት በሳንቲም የምንከራከረው እኛ ነን፤ በዚያ ዋጋ ማን ቁጭ ብሎ ማስቲሽ ያደርቃል? በአዲስ አበባ የብስክሌት መንገድ መሠራቱም ደግ ነው፤ ስባሪ እንዳይጠራቀምበት ግን መጥረጊያ አይለየው።

ከአሮጌ ጎማ ስስ ቁራጭ ቆርጬ፣ ጠርዙን ሞርጄ፣ ስንጥቁ ላይ ከውስጥ በኩል ለጠፍኩት። ስንጥቁ በጎኑ ቢሆን ኖሮ አልደክምም፣ ጎማውን እጥለው ነበር፤ እዚያ ክሩ ከተበጠሰ ጭነቱን የሚሸከም የለም። ማስቲሹ እስኪደርቅ ቡና አፈላሁ። ይኸው ሦስተኛ ሳምንቱ ነው፣ መንፊያውን አልነካሁም።