ወደ ጃማይካ ደሴት ለሚሄድ ቤተ ሰብ የሚሆን ስንቅ

ሰው ከቤቱ ወጥቶ የማያውቀውን አገር ማየቱ ለአእምሮ ብርሃን፥ ለሰውነትም ዕረፍት መሆኑ የታወቀ ነው። የቀድሞ አባቶቻችን ባሕር ተሻግረው የሚሄዱት አብዛኛውን ጊዜ ኢየሩሳሌምን ለመሳለም ወይም የመንግሥት መልእክት ለማድረስ ነበር። በዛሬው ዘመን ግን በአዲስ አበባ ዙሪያ በሰበታ፥ በቡራዩና በሱሉልታ ቤት ሠርተው ከሚኖሩት መካከል ጥሪታቸው የፈቀደላቸው ሰዎች ልጆቻቸውን ይዘው ለጉብኝት ብቻ ሩቅ አገር ለመጓዝ ያስባሉ። ስለዚህ በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን፥ ከሩቅ ደሴቶች ሁሉ ለኢትዮጵያዊ የተለየች ስለ ሆነችው ስለ ጃማይካ ጥቂት ቃል ለመጻፍ ወደድን።

የተለየች የሚያሰኛት የባሕሯ ጥራት ወይም የአሸዋዋ ንጣት አይደለም፤ እንዲህ ያለው በብዙ ደሴት ይገኛል። ነገር ግን ሌላው ጐብኚ ወደ ጃማይካ ሲገባ ተመልካች ሆኖ ይገባል፤ ኢትዮጵያዊው ግን ገና አገሩን ሲናገር እንደ ምስክር ይቈጠራል። የኢትዮጵያ ስም በዚያች ደሴት በብዙ ሰው ልብ ታትሞ ይኖራልና፥ የሚያገኘው ሰው ስለ አገሩ አጥብቆ ይጠይቀዋል። ስለዚህ ከልብስና ከገንዘብ ይልቅ አስቀድሞ ሊሰናዳ የሚገባው ስንቅ እውነተኛ ቃል ነው።

አስቀድመን የመንገዱን ነገር በአጭሩ እናስታውቅ። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በቀጥታ ጃማይካ የሚያርፍ አውሮፕላን ስለሌለ፥ መንገደኛው በአውሮፓ ወይም በአሜሪካ አውሮፕላን መለወጥ ግድ ይሆንበታል። እንግዲህ ትኬት ከመግዛቱ በፊት ስለ ጃማይካ መግቢያ ፈቃድ ብቻ ሳይሆን ስለሚያልፍበትም አገር ፈቃድ ጠይቆ ይረዳ። የቢጫ ወባ ክትባት የምስክር ወረቀትም ከፓስፖርቱ ጋር ይያዝ፤ ከኢትዮጵያ የሚመጣ መንገደኛ ይጠየቅበታልና።

ወራቱንም መምረጥ ያስፈልጋል። በዚያ አካባቢ የብርቱ ዐውሎ ነፋስ ጊዜ ከግንቦት 24 ቀን ጀምሮ እስከ ኅዳር ጽዮን ድረስ ነው። በፈረንጆች 1988 ጊልበርት የተባለው ዐውሎ ነፋስ ደሴቲቱን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ ብዙ ቤት አፍርሷል። ስለዚህ ልጆች ላሉት ሰው ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ያለው ጊዜ ይመረጣል። የአገሩ ስፋት 11,000 ኪሎ ሜትር ካሬ ያህል ነው፤ ከተራራው ሁሉ ረጅሙ ብሉ ማውንቴን 2,256 ሜትር ከፍታ አለው። የሱሉልታ ሜዳና የቡራዩ ከተማ ከዚያ ተራራ ጫፍ ይልቅ ከፍ ባለ ምድር ላይ ያሉ ስለ ሆኑ፥ በደጋ ያደገ ልጅ በባሕሩ ዳር ሙቀቱ እንዳይጐዳው ቀለል ያለ ልብስ ይሰናዳለት፤ ውኃም ቶሎ ቶሎ ይጠጣ።

ሰዓቱ ከእኛ በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። በሰበታ ከቀኑ 10 ሰዓት ሲሆን በኪንግስተን ገና ከጧቱ 2 ሰዓት ነው፤ ለአያቶች ስልክ ሲደወል ይህ ይታሰብ። ተሽከርካሪም በመንገዱ ግራ በኩል ይሄዳል። በእኛ አገር በፈረንጆች 1964 ወደ ቀኝ ስለ ተለወጠ፥ ልጆች መንገድ ሲሻገሩ እጃቸው ይያዝ። ስለ ምግብም አኪ የሚባል ፍሬ ከጨው ዓሣ ጋራ ተሠርቶ ይቀርባል፤ ይህም የአገሩ ዋና ምግብ ነው። ዳሩ ግን ፍሬው በዛፉ ላይ ሳለ በስሎ ራሱ ካልተከፈተ መርዝ ነውና ልጆች ከዛፍ ቀጥፈው እንዳይበሉ ይከልከሉ። ራስ ተፈሪያውያን የሚባሉት የአሳማ ሥጋ አይበሉም፤ ብዙዎቹም ከሥጋ ሁሉ ይከለከላሉ። ስለዚህ ጾመኛ እንግዳ በእነርሱ ገበታ አይቸገርም።

የመንገዱ ነገር ይህን ያህል ይበቃል፤ አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንመለስ። የጃማይካ ሕዝብ አብዛኛው፥ አያቶቹ ከምዕራብ አፍሪቃ በባርነት ተወስደው በሸንኮራ አገዳ እርሻ የተገዙ ናቸው። ኮሎምቦስ ደሴቲቱን በፈረንጆች 1494 አገኛት፤ በ1655 እንግሊዞች ከእስፓኝ እጅ ወሰዷት፤ ባርነትም ፈጽሞ የቀረው በ1838 ነው። ነጻ መንግሥት የሆነችው ሐምሌ 30 ቀን 1954 ዓ.ም. ነው። አያቶቹ የተወለዱበት መንደርና የተናገሩት ቋንቋ የጠፋበት ሕዝብ፥ በመጽሐፍ ቅዱስ ስሟ ተጽፎ ያገኛትን ኢትዮጵያን እንደ እናት አገር አድርጎ ያዘ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ሲጭኑ ወሬው ከደሴቲቱ ደረሰ፤ ከድኾቹም መካከል ንጉሠ ነገሥቱን እንደ አምላክ የሚያዩ፥ በቀድሞ ስማቸው ራስ ተፈሪያውያን የተባሉ ሰዎች ተነሡ። ኢጣልያ በወረረን ጊዜም በእንግሊዝ ግዛት ሥር ሳሉ፥ ለኢትዮጵያ ለመዝመት ፈቃድ የጠየቁ ጃማይካውያን ነበሩ። ፈቃዱ ባይሰጣቸውም፥ በመከራችን ቀን ስለ እኛ ማሰባቸው ሊረሳ አይገባም።

ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ኪንግስተን አየር ማረፊያ በደረሱ ጊዜ፥ ወደ 100,000 የሚገመት ሕዝብ በዝናብ ቆሞ ይጠብቃቸው ነበር። አውሮፕላኑ እንደ ቆመ ሕዝቡ አጥሩን ጥሶ ስለ ከበበው፥ ንጉሠ ነገሥቱ ጥቂት ጊዜ ሳይወርዱ ቈዩ። ከራስ ተፈሪያውያን መሪዎች አንዱ የሆነው ሞርቲመር ፕላኖ ወደ ደረጃው ወጥቶ ሕዝቡን ጸጥ ካሰኘ በኋላ ነው የወረዱት። ይህች ቀን እስከ ዛሬ በራስ ተፈሪያውያን ዘንድ በየዓመቱ ትከበራለች። ከዚያም በፈረንጆች 1970 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በኋላ አቡነ ይስሐቅ በተባሉት በአባ ላእከ ማርያም ማንደፍሮ እጅ በደሴቲቱ ተመሠረተች፤ ብዙ ሰዎችም በሥላሴ ስም ተጠመቁ። በዓለም ሁሉ የታወቀው ዘፋኝ ቦብ ማርሊ እንኳ ከመሞቱ ጥቂት ወራት በፊት በዚሁ አባት እጅ ተጠምቋል።

እንግዲህ ኢትዮጵያዊው እንግዳ በእንዲህ ያለ ሕዝብ መካከል ሲጠየቅ ምን ይመልስ? በችሎት ምስክር ሲቀርብ፥ ያየውን እንዳየው፥ የሰማውንም እንደ ሰማው ለይቶ እንዲናገር ይነገረዋል። ለዚህም ነገር የሚሻለው ሥርዓት ይኸው ነው። አንዳንዱ ሰው የራስ ተፈሪያውያንን እምነት ሲሰማ ይስቃል፤ ይህ ነውር ነው። መከራ ያስተማረውን ሕዝብ ተስፋ ማላገጫ ማድረግ ከጨዋ ልጅ አይጠበቅምና። ሌላው ደግሞ እንዲወደድ ብሎ ያልሆነውን ሁሉ ሆነ ይላል፤ በአገራችን ረኃብና ጠብ ታይቶ እንደማያውቅ አድርጎ ይተርካል። ይህ ከሣቁ የከፋ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በቤተ ክርስቲያን ተጠምቀው ያደጉ፥ በቤተ ክርስቲያንም የጸለዩ ሰው መሆናቸውን በትሕትና መናገር ግን ማንንም አያስቀይምም።

ቃል ቀላል ነገር የሚመስለው ሰው ቢኖር የሻሸመኔን ነገር ያስብ። በፈረንጆች 1948 ንጉሠ ነገሥቱ በጦርነቱ ጊዜ ኢትዮጵያን ለረዱ በውጭ አገር ላሉ ጥቍር ሕዝቦች 5 ጋሻ መሬት በሻሸመኔ ሰጡ። ብዙ ጃማይካውያንም ሰምተውና አምነው፥ ቤታቸውን ትተው ባሕር ተሻግረው መጡ። በ1967 ዓ.ም. መሬት ሁሉ የመንግሥት ሲሆን የተሰጣቸው አብዛኛው ተወሰደ። በዚህም አገር የተወለዱት ልጆቻቸው መታወቂያ ሳይኖራቸው ብዙ ዘመን ኖሩ፤ መንግሥት የመታወቂያ ወረቀት እንዲሰጣቸው የወሰነው በ2009 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ዛሬም ከባሕር ዳር ተቀምጦ ስለ ኢትዮጵያ የሚናገር ጐብኚ፥ ከሚሰሙት አንዱ ያለውን ሸጦ ሊመጣ እንደሚችል ይወቅ። በአንድ ምሽት ጨዋታ የተነገረ ማጋነን የአንድን ቤተ ሰብ ዕድሜ ሊያበላሽ ይችላልና።

ምስክር ደግሞ የማያውቀውን ሊመሰክር አይችልም። ስለዚህ ወደ ጃማይካ ከመሄዱ በፊት ልጆቹን ይዞ በቅድሚያ የገዛ አውራጃውን ይጐብኝ። ሰበታ፥ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃለው የተቈጠሩ ቢሆኑም እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ነገር አላቸው። የሰበታ ልጅ የመናገሻን ደን ይይ፤ በትውፊት እንደሚነገረው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ያስተከሉት ነው። በሰበታ የሚያልፈው የጅማ መንገድም ወደ ቡና አገር የሚወስድ ነው፤ የቡና ተክል ከኢትዮጵያ ወጥቶ ብዙ አገር ከዞረ በኋላ በፈረንጆች 1728 ጃማይካ ገብቶ፥ ዛሬ በብሉ ማውንቴን ተዳፋት የሚበቅለው እጅግ ውድ ዋጋ ያወጣል። የቡራዩ ልጅ ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውኃ የሚሆነውን የገፈርሳን ግድብ ይወቅ። የሱሉልታ ልጅ በዚያው መንገድ ወደ ደብረ ሊባኖስ ይሂድ፤ በግንቦት ወር 1929 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር መነኮሳቱን የፈጀበት ቦታ ነውና፥ ጃማይካውያን ያን ጊዜ ስለ ምን እንዳዘኑልን በዚያ ይረዳል።

በሱሉልታ ሜዳ ማለዳ የሚሮጡትን ወጣቶችም ያሳያቸው። በነሐሴ 2000 ዓ.ም. በቤጂንግ ኦሊምፒክ የጃማይካው ዩሴን ቦልት የ100 እና የ200 ሜትር ሩጫ ሲያሸንፍ፥ የእኛው ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ እያንዳንዳቸው የ5,000 እና የ10,000 ሜትሩን አሸንፈዋል። ቀነኒሳም በሱሉልታ የስፖርት ማሠልጠኛ ሠርቷል። እንግዲህ ቋንቋ የሚቸግረው ልጅ እንኳ ከጃማይካ ልጆች ጋራ የሚጫወተው ነገር አያጣም።

ክቡራን አንባቢዎቻችን፥ ሰው ወደ ወዳጁ ቤት ባዶ እጁን አይሄድም። የምትወስዱላቸው ቡና ወይም ነጠላ ደስ ያሰኛቸዋል፤ ከሁሉ የሚበልጠው እጅ መንሻ ግን አገራችሁን ሳትሰድቡና ሳትሸነግሉ፥ ያያችሁትን አጣርታችሁ መንገራችሁ ነው። ልጆቻችሁም ይህን ሥርዓት ከእናንተ አይተው ይማሩ። እግዚአብሔር መንገዳችሁን ያቅና፤ በደኅና ሄዳችሁ በደኅና ተመለሱ።