ሕጉ ሲቀየር ለማንኩሳም ይነገር

በዕንቁጣጣሽ ማግስት፣ መስከረም 2 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ደራራ ሁሪሳ የቪየናን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ22 ሴኮንድ አንደኛ ሆኖ ገባ። ትንሽ ቆይቶ ጫማው ተለካ። ሶሉ 5 ሴንቲ ሜትር፤ የተፈቀደው 4። ድሉ በ3 ሴኮንድ ለተቀደመው ኬንያዊ ለሊዮናርድ ላንጋት ተሰጠ። እናንተዬ፣ 42 ኪሎ ሜትር በ1 ሴንቲ ሜትር ሲሰረዝ አስቡት!

ጥፋቱ የሱም ነው፣ አንክድም። ቅጹ ላይ ያስመዘገበው ሌላ ጫማ ነበር። ግን ደንቡም ገና በ2012 የወጣ፣ ሁለት ዓመት ያልሞላው ነበር። የመም ጫማ ሶል ደግሞ ከጥቅምት 22 ቀን 2017 ጀምሮ ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ወርዷል። ጫማው ራሱ ሯጭ እየሆነ ስለመጣ ልኬት መበጀቱን አንቃወምም።

የሚያናድደን የመርሐ ግብሩ ነገር ነው። በ2011 ዓ.ም. የዓለም አትሌቲክስ አለቆች ዳይመንድ ሊግ በቴሌቪዥን 90 ደቂቃ ብቻ እንዲፈጅ ፈለጉና 5 ሺህ ሜትርን ቆረጡት፤ ረጅሙ 3 ሺህ ይሁን አሉ። ለኛ ይህ ከእንጀራው ላይ ወጡን እንደማንሳት ነው። ጌትነት ዋለ በጳጉሜን 2011 ብራሰልስ ላይ የ3 ሺህ ሜትር መሰናክል የሊጉን ዋንጫ አነሳ። ሦስት ወር ሳይሞላ መሰናክሉም ከዋናው ዝርዝር ወጣ! ኮሮና ዕቅዱን አመሰቃቀለውና በ2013 የተባረሩት ተመለሱ፤ 5 ሺህ ግን ከ3 ሺህ ጋር አንድ ወንበር ተጋርቶ።

አሁን ማንኩሳን እናስብ፤ የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ማንኩሳ ሳይሆን የዛሬዋን፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል አስፋልት ዳር ያለችውን። እዚያ ማለዳ ተነስቶ ለ5 ሺህ ሜትር የሚለፋ ልጅ ቢኖር፣ ርቀቱ መታጠፉን ማን ይነግረዋል? ትልቁ አትሌት ማናጀር አለው፤ ማናጀሩ ኢሜይል ያነባል። ልጁ ያለው አሠልጣኝ ነው፣ እሱም ወሬውን እንደኛ ከሬዲዮ ነው የሚሰማው።

ስለዚህ ፌዴሬሽናችንን የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። እያንዳንዱ ለውጥ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ተጽፎ ክለቦችና ወረዳዎች ድረስ ይውረድ። ርቀት የሚሰረዝ ከሆነም ከአራት ዓመት በፊት ይነገረን ብሎ በጉባኤው ይሟገትልን። ጫማውንማ ቦሌ ሳይደርሱ መለካት ይቻላል። አንድ ማስመሪያ ስንት ብር ነው?