አደራ እና ባትሪ

ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ፣ በደቡብ ኮሪያዋ ቡሳን ከተማ ለመነሣት ሲዘጋጅ የነበረ የኤር ቡሳን አውሮፕላን ከኋላ በኩል በእሳት ተያያዘ። ውስጡ የነበሩት 176 ሰዎች በአደጋ ጊዜ መንሸራተቻ ወርደው ተረፉ፤ አውሮፕላኑ ግን ጣሪያው ነዶ ከጥቅም ውጭ ሆነ። የመርማሪዎቹ ጥርጣሬ ያረፈው ከመንገደኞች ራስ በላይ ባለው የዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ በነበረ ፓወር ባንክ ላይ ነው። ከአንድ ወር በኋላ የኮሪያ መንግሥት ፓወር ባንክ እዚያ ማስቀመጫ ውስጥ እንዳይገባ፣ መንገደኛው አጠገቡ እንዲይዘው አዘዘ። ኤምሬትስ ደግሞ ከመስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በበረራ ላይ በፓወር ባንክ መጠቀምን ጨርሶ ከልክሏል።

ይህን የሩቅ አገር ወሬ ነው ብለን ልናልፈው አይገባም። እንደ እኛ ሻንጣ ሞልቶ የሚጓዝ፣ ለዘመድ ለወዳጅ ዕቃ ይዞ የሚሻገር ሕዝብ ብዙ አይደለም።

የተበላሸ ሊቲየም ባትሪ ሙቀቱ ራሱን እያባባሰ ይሄዳል፤ አንዱ ሴል ሲፈነዳ ቀጥሎ ያለውን ያቀጣጥለዋል። የበረራ አስተናጋጆች ሥልጠና ላይ በደንብ የሚለማመዱት ይህንን ነው። ጭስ ሲታይ አንዷ የጭስ መከላከያ አጥልቃ እሳቱን ትጋፈጣለች፣ ሌላዋ የሚያስፈልገውን ታቀብላለች፣ ሦስተኛዋ በስልክ ለካፒቴኑ የምታየውን ትነግራለች። መጀመሪያ ነበልባሉን በሃሎን ማጥፊያ ያፍኑታል። ሃሎን ግን ባትሪውን አያበርደውም፤ ስለዚህ ወዲያው ውኃ ያፈሱበታል። ውኃ ካጠረ ጭማቂም ለስላሳም ይሆናል፤ አልኮል ብቻ አይሁን። በረዶ አይከምሩበትም፣ በብርድ ልብስም አይሸፍኑትም፤ ሙቀቱ ይታመቃልና። ይህ ሁሉ የሚሆነው ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማይተላለፍበት መተላለፊያ ውስጥ፣ በተደናገጠ ሰው መሀል ነው። ሻይና ምግብ ሲያቀርቡልን ብቻ የምናውቃቸው ልጆች በሰማይ ላይ ያለን የእሳት አደጋ ብርጌድ እነሱ ናቸው።

ግን እሳቱ እጃቸው ከሚደርስበት ቦታ መነሣት አለበት። ትርፍ ባትሪና ፓወር ባንክ ለጭነት በሚሰጥ ሻንጣ ውስጥ አይግባ የሚለው ዓለም አቀፍ ደንብ መነሻው ይኸው ነው፤ በረራ ላይ ጭነት ክፍሉ ውስጥ ውኃ የሚያፈስ ሰው የለም። ነሐሴ 28 ቀን 2002 ዓ.ም. ከዱባይ የተነሣ የዩፒኤስ የጭነት አውሮፕላን፣ ሊቲየም ባትሪ የነበረበት ጭነቱ ተቃጥሎ ሁለቱም አብራሪዎች ሞተዋል። ክፍላቸውን የሞላው ጭስ መሣሪያዎቻቸውን እንኳ እንዳያዩ አድርጓቸው ነበር። ባትሪው ትንሽ ነው ብሎ መናቅም አያዋጣም። ሐምሌ 5 ቀን 2005 ዓ.ም. ለንደን ሂትሮው ላይ ሰው ሳይኖርበት ቆሞ የነበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 787 የተቃጠለው፣ አደጋ ሲደርስ አውሮፕላኑ ያለበትን ቦታ በሚጠቁም መሣሪያ ውስጥ በነበረ የሊቲየም ባትሪ ምክንያት ነው። ያ ባትሪ ፋብሪካ ውስጥ በባለሙያ የተገጠመ ነበር። ከመንገድ ዳር በርካሽ የተገዛ፣ ስንቴ እንደወደቀ የማይታወቅ ፓወር ባንክ ከዚያ የበለጠ ሊታመን አይችልም።

የእኛ ችግር አውሮፕላኑ በር ላይ ይጀምራል። የዕቃ ማስቀመጫው ሲሞላ መጨረሻ የገቡት መንገደኞች የእጅ ሻንጣቸውን ለጭነት እንዲሰጡ ይጠየቃሉ። አንድ ጊዜ ከፊቴ የነበሩ ነጠላ የለበሱ እናት ሻንጣቸውን ሲያስረክቡ አስተናጋጇ ጎንበስ ብላ፣ «እማማ፣ ውስጡ ባትሪ ነገር፣ ፓወር ባንክ አለ?» አለቻቸው።

«ኧረ የለም ልጄ።»

ልጅቷ አልተቻኮለችም። «ካለ አልወስድብዎትም፤ አውጥተው ይዘውት ይገባሉ» ስትላቸው ፊታቸው ተፈታ። «እንግዲያ አንዲት ዕቃ አለች፤ የጎረቤቴ ልጅ ለወንድሜ ያድርሱልኝ ብሎ የሰጠኝ አደራ ናት» ብለው፣ ከዳቦ ቆሎውና ከበርበሬው ሥር በፌስታል የተጠቀለለ ፓወር ባንክ አወጡ።

እኚህን እናት ውሸታም ማለት አልችልም። አደራ የተቀበለ ሰው ይነጠቅብኛል ብሎ ሲፈራ ይደብቃል። ፍተሻ ላይ ማሩን፣ ሽቶውን፣ የቀለጠ ቅቤውን ሲያስረክብ የኖረ መንገደኛ፣ ዩኒፎርም የለበሰ ሁሉ ሊወስድበት የመጣ ይመስለዋል። የሚያሳዝነው ፍርሃቱ ከንቱ መሆኑ ነው። ብዙ ሰው የሚይዘው 20 ሺህ ሚሊ አምፔር ሰዓት ፓወር ባንክ 74 ዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ ያለ ልዩ ፈቃድ በእጅ ሻንጣ ከሚፈቀደው 100 ዋት ሰዓት በታች ማለት ነው። በእጅ ይያዝ የተባለ ዕቃ ጭነት ውስጥ ተደብቆ ይሄዳል፤ እሳት ቢነሣ ሊያጠፉ የሠለጠኑት ልጆች ደግሞ መኖሩንም አያውቁም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የአየር መንገዶች ነው። «የተከለከሉ ዕቃዎች» ብሎ የሚጀምርና ዝርዝሩን በጥድፊያ የሚያወርድ ማስታወቂያ መንገደኛን ያስፈራል እንጂ አያስተምርም። ያቺ ልጅ በር ላይ ያለችውን ያህል ቢነገር ይበቃ ነበር፤ አይወሰድብዎትም፣ አውጥተው ይያዙት። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ይነገር። ወደ ቤይሩትና ወደ ጂዳ ለሥራ ከሚሄዱት እህቶቻችን ብዙዎቹ አውሮፕላን ሲሳፈሩ የመጀመሪያቸው ነውና፣ ለእነሱ ከመነሣታቸው በፊት ሊነገራቸው ይገባል።

መንገደኛም የድርሻውን ይወጣ። በረራ ላይ ስልክዎ ከጋለ ወይም ከመቀመጫው ሥር ከገባብዎ፣ መቀመጫውን ሳያንቀሳቅሱ አስተናጋጇን ይጥሩ፤ የተጨፈለቀ ስልክ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። አደራ ሲቀበሉም ላኪው ፊት አስከፍተው ይዩት።

ላኪዎች ሆይ፣ ባትሪ ያለበትን ዕቃ በፌስታል ጠቅልላችሁ፣ ምንነቱን ሳትነግሯቸው ለእናቶቻችን አታሸክሙ። ከተቻለም ፓወር ባንክ ጨርሶ አትላኩ። ወንድማችሁ ባለበት አገር ይሸጣል።