ጉድጓዱን ከፍታችሁ ለሄዳችሁት
ግልጽ ደብዳቤ

ለከተማችን የመንገድና የፍሳሽ ሥራ ኃላፊዎች፣

ወንድሜ ለጠረጋ ተከፍቶ ሳይከደን በተተወ የጎርፍ መውረጃ ውስጥ ወድቆ ሕይወቱ አልፏል። ለቅሶ ከደረሱን ባልደረቦቻችሁ አንዱ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ፣ «ዓይነ ስውር ሆኖ ምነው ብቻውን ወጣ?» ሲል ሰማሁት። ቦታው አልነበረምና ዝም አልኩ። አሁን ልመልስለት።

ብቻውን የወጣው ስለሚችል ነው። መምህር ነበር። ጠዋት ነጭ በትሩን ይዞ ታክሲ ይሳፈራል፤ አስተምሮ ማታ ይመለሳል። በትሩ የማይደርስበትን ደግሞ እኅታችን ከዋሽንግተን የላከችለት፣ እንደ ሰዓት እጅ ላይ የሚታሰር መሣሪያ ይነግረው ነበር። መሣሪያው ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ወደ ፊት ይልካል። ድምፁ ከአንድ ነገር ጋር ተላትሞ ሲመለስ እንደ ስልክ ቫይብሬት ያደርጋል፤ የሚጋርደው ነገር በቀረበ ቁጥር ይፈጥናል። የቆመ አይሱዙ የኋላ ሳንቃ፣ ዝቅ ብሎ የወጣ የሱቅ ቆርቆሮ፣ በትር ከሥር ሲያልፋቸው ግንባር የሚፈነክቱ ነገሮች ናቸው። ከእነዚህ ተገላግሎ ነበር። የመጣለት ሰሞን የበረንዳውን ምሰሶ ሳይነካ ዞሮት አለፈና ከት ብሎ ሳቀ።

ጉድጓድ ግን ድምፅ አይመልስም። የሚመለስ ድምፅ ሲጠፋ መሣሪያው ዝም ይላል፤ ዝም ካለ ደግሞ መንገዱ ነፃ ነው ማለት ነው። በትሩ ቀኝና ግራ ሲነካ ያረፈው ባልተነሱት ክዳኖች ላይ ነበር። እግሩ መሐል ገባ።

በማግሥቱ ሠራተኞቻችሁ መጥተው ጉድጓዱ ላይ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት እንጨት አቆሙ። ዓይነ ስውር ለገደለ ጉድጓድ ቀይ ጨርቅ! ወገብ የሚደርስ ሳንቃ ዙሪያውን ቢቆም ኖሮ በትሩም ይነካው፣ መሣሪያውም ይነግረው ነበር።

አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት ያጸደቀችው በ2002 ዓ.ም. ነው። አንቀጽ 9 ስለ መንገድ ተደራሽነት፣ አንቀጽ 20 በተቻለ መጠን ራስን ችሎ ስለ መንቀሳቀስ ይናገራል። በየዓመቱ ጥቅምት መጀመሪያ የነጭ በትር ቀን ሲከበር ይህንኑ ከመድረክ እንሰማለን። ከመድረኩ ወርደን የምንሄድበት መንገድ ግን የእናንተ ሥራ ነው።

ጉድጓዱ እንዲከፈት ያዘዘው ማን ነው? ሳይከደን ሥራው አልቋል ብሎ የፈረመውስ? የሁለቱንም ስም በጽሑፍ አሳውቁን። ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ መከለያ ሳይቆምለት የትኛውም ክዳን እንዳይነሳ እዘዙ። ከወንድሜ ተማሪዎች መካከል ዓይነ ስውራን አሉ። እነሱም ነገ ጠዋት ብቻቸውን ይወጣሉ፤ መውጣትም አለባቸው።

የሟች ታላቅ ወንድም