ጥላሁንን በሚያደንቁ ሰዎች ላይ የቀረበ ክስ



በዚህ ግቢ ውስጥ ጥላሁን ገሠሠን የማያደንቅ ተማሪ ይገኛል ብዬ አልገምትም። ቢገኝም ክሴ በርሱ ላይ አይደለም፤ በአድናቂዎቹ ላይ ነው። ዘፈኑን ሳያዳምጡ የሚያጨበጭቡ፣ «የተፈጥሮ ስጦታ ነው» ብለው ነገሩን ባንድ ቃል ዘግተው ወደ ሻያቸው የሚመለሱ፣ ስሙን ለጠብ እንጂ ለጆሮ የማይፈልጉ ሰዎች በዝተዋል። ከነዚህም ጥቂት የማይባሉት የኛው የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ሰዎች ናቸው። እኔም የዚያው ልጅ ስለ ሆንኩ ቀዬውን ማማት የተፈቀደልኝ ይመስለኛል።

ባለፈው ክረምት ከሦስቱ ከተሞች ባንደኛው የጥላሁንን ዘፈኖች የመዝፈን ውድድር ተደርጎ ነበር። የከተማውንም፣ የአዳራሹንም፣ የአዘጋጆቹንም ስም አልጠራም፤ ጉዳዩ ከነርሱ ይሰፋልና። አንደኛ የወጣው ወጣት ከመጀመሪያው ስንኝ ጀምሮ ሲያለቅስ ነበር። ዐይኑን ጨፍኖ፣ ማይክሮፎኑን ሊውጠው ደርሶ፣ በየቃሉ መካከል ሲቃ እየጨመረ፣ ግጥሙ ምን እንደሚል ለማወቅ እስኪያስቸግር ድረስ አነባ። ዳኞቹ ተነሥተው አጨበጨቡለት። ከሱሉልታ የመጣች አንዲት ልጅ ግን አንዱን ዘፈን በአማርኛ፣ ሁለተኛውን በኦሮምኛ፣ አንድም ቃል ሳትውጥ፣ ትንፋሿን ሳታባክን ዘፈነች። ከዳኞቹ አንዱ «ድምፅሽ ጥላሁንን አይመስልም» አላት። ሴት ልጅ እኮ ናት! ሌላው «በአንድ ቋንቋ ብትወሰኚ ይሻል ነበር» ብሎ ነጥብ ቀነሰባት። ከሁሉ ያሳዘነኝ ግን ሕዝቡ ነው። በአዳራሹ አንድ ወገን የተቀመጡት ለአማርኛው ብቻ፣ በሌላው ወገን ያሉት ለኦሮምኛው ብቻ አጨበጨቡ። አንዲት ልጅ፣ አንድ ጉሮሮ፣ ሁለት ጭብጨባ።

ከአዳራሹ ስንወጣ ደግሞ አንድ የተማረ ሰው (የተማረ የምለው ዲግሪውን ሳይጠየቅ ስለ ነገረን ነው) «ጥላሁን ማለት እኮ የኢትዮጵያ ካሩሶ ነው፤ ኢጣልያ ተወልዶ ቢሆን ፓቫሮቲን ያስንቅ ነበር» አለ። ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ። ይኽ አነጋገር ምስጋና ይመስላል፤ ነገር ግን የአገሩን ሰው በባዕድ ሚዛን ካልመዘነ በቀር ክብደቱ የማይታየው ሰው አነጋገር ነው። እስቲ ሚዛኑ ራሱ ምን እንደሚመዝን እንይ።

ኤንሪኮ ካሩሶ የናፖሊ ልጅ ነው፤ ከ1873 እስከ 1921 እ.ኤ.አ. ኖረ። በ1902 ሚላኖ ውስጥ በሸክላ ከተቀዳ በኋላ ድምፁ እግሩ ያልረገጠው አገር ሁሉ ገባ። ሉቺያኖ ፓቫሮቲም የሞዴና የዳቦ ጋጋሪ ልጅ ሲሆን፣ በ1972 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ባንድ ዘፈን ውስጥ ላይኛዋን «ዶ» ዘጠኝ ጊዜ መትቶ ዓለምን ጉድ አሰኘ። ሁለቱም ሊደነቁ ይገባል። ነገር ግን የሠለጠኑበትን ሥራ ማወቅ ያስፈልጋል። የኦፔራ ቴኖር ያለ ማይክሮፎን ከትልቅ ኦርኬስትራ በላይ መሰማት አለበት። ይኽን በጩኸት አይችለውም። ጉሮሮውንና አፉን አስተካክሎ በሴኮንድ 3,000 ንዝረት አካባቢ ያለውን የድምፁን ክፍል ያጎላዋል፤ ኦርኬስትራው በዚያ ከፍታ ጉልበቱ ይደክማልና ድምፁ በዚያ ቀዳዳ ሾልኮ እስከ መጨረሻው ወንበር ይደርሳል። ለዚህም ሲል አናባቢዎቹን ጥቂት ያጠቁራቸዋል፤ የቃሉን ጥራት በድምፁ ጥራት ይለውጣል። ኢጣልያንኛ ቃሉ ባብዛኛው በአናባቢ ስለሚያልቅ ይኽንን ይቅር ይላል።

ጥላሁን ግን ያደገው ከማይክሮፎን ጋር ነው። ከጡሩምባና ከሳክስፎን ጋር መታገል ባያጣም፣ ካሩሶ በመድረክ ያልነበረው ነገር ነበረው፤ ሺሕ ሰው በተቀመጠበት ለአንድ ሰው ጆሮ እንደሚናገር አድርጎ መዝፈን። ድምፁ ከፍ ያለ የወንድ ድምፅ ስለ ሆነ ቴኖር ብንለው አንሳሳትም። ቴኖር ግን የድምፅ ከፍታ ስም እንጂ የማዕረግ ስም አይደለም። ካሩሶ የሚለው መሸለሚያ ስለማይመጥነው ሳይሆን፣ ስለማይመለከተው ይመለስ።

ታዲያ የሚመለከተው ምንድን ነው? «አለ» የምትለዋን ቃል ተመልከቱ። «ለ» ሲላላ ተናገረ ማለት ነው፤ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት ነው። ፊደላችን ልዩነቱን አይጽፍም። አንባቢ ከዐውዱ ይረዳዋል፤ ዘፋኝ ግን በአፉ ማሳየት አለበት። ዜማ ደግሞ የሚወደው አናባቢን መሳብ ነው፤ የጠበቀ ተነባቢ ላይ ድምፅ ይታገዳል፣ ትንፋሽ ይቆማል፣ ዜማው የሚሰበር ይመስላል። ደካማ ዘፋኝ ይኽን ሲፈራ ተነባቢውን አላልቶ ያልፋል፤ እኛም «ድምፁ ያምራል፣ ምን እንዳለ ግን አልገባኝም» እንላለን። ጥላሁን እንዲህ አያደርግም። ተነባቢውን ይዞት፣ አጥብቆት፣ ከዚያ ሲለቀው ቀጣዩ አናባቢ ከበስተኋላው እንደ ተገፋ ሆኖ ይወጣል። በ«ጠ»፣ በ«ቀ» እና በ«ጨ» ላይ ደግሞ አድምጡት። ሌላው የሚሸሻቸውን እነዚህን ድምፆች እርሱ እንደ ከበሮ ይጠቀምባቸዋል።

አሁን ወደ ኦሮምኛ እንሂድ። «ለፈ» መሬት ነው፤ «ላፋ» ልስልስ ነው። ኦሮምኛም ማጥበቅና ማላላት አለው፤ በዚህ ላይ ግን የአናባቢው ርዝመት ብቻውን ትርጉም ይለውጣል። ዜማው አስገደደኝ ብሎ አጭሩን የሳበ ዘፋኝ መሬቱን አለስልሶት ያርፋል። «አካም ነጉማ»ን ስታዳምጡ ድምፁን የት እንደሚስብና የት እንደሚቆርጥ ልብ በሉ፤ የቋንቋው ባለቤት ሲናገር ከሚስብበት ውጭ አላግባብ የሳበው ቃል ስፈልግ አላገኘሁም። የኔ እምነት ይኽ ነው፤ ባንዱ ቋንቋ ተነባቢን መያዝ የተማረ፣ በሌላው አናባቢን መመጠን የተማረ አፍ ሁለቱን ሥራ ባንድ ትንፋሽ መሥራት ይችላል። በአማርኛ ዘፈኖቹ ውስጥ ያቺ የተመጠነች የአናባቢ አሳሳብ አለች፤ ከየት እንደ መጣች ማወቅ የፈለገ ወሊሶን ይጠይቅ።

ወሊሶ ከአዲስ አበባ 114 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በጅማ መንገድ የሄደ ሰው ሰበታን፣ ቀጥሎ ቱሉ ቦሎን፣ ከዚያም ወሊሶን ያገኛል። ጥላሁን መስከረም 17 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወልዶ፣ ያደገው ወሊሶ ከአያቱ ዘንድ ነው። (ስለ ዘሩ የሚደረገውን ክርክር ለዘር ቆጣሪዎች ትቼዋለሁ፤ ሥራ አያጡም።) በራስ ጎበና ትምህርት ቤት ሲማር የሀገር ፍቅር ተጫዋቾች በእዮኤል ዮሐንስ መሪነት ወደዚያ መጡ፤ ከዚያ ወዲያ ልጁን የሚያስቀምጠው ጠፋ። እንደሚተረከው፣ መጀመሪያ በእግሩ ቱሉ ቦሎ ድረስ ሄዶ ወደ ወሊሶ ተመለሰ። ሁለተኛ ጊዜ ግን በጭነት መኪና ላይ ተደብቆ አዲስ አበባ ገባ። ያ መኪና በሰበታ አልፏል። ሰበታዎች የምንኮራበት ነገር ካስፈለገን ይኸው፤ የመኪናው አቧራ።

ከዚያም ሀገር ፍቅር ተቀጠረ፤ ቀጥሎ ወደ ክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ተሻገረ። በዚያ ሙዚቃ በወታደር ደንብ ይጠና ነበር። እንደ ኮሎኔል ሳህሌ ደጋጎ ያሉ የዜማ ደራሲዎች የሠሩትን ይዞ መለማመድ፣ ተርታውን ጠብቆ መግባት፣ ተርታው ሲያልቅ መውጣት ግዴታ ነበር። የታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ እርሱም ታስሯል። እንግዲህ «የተፈጥሮ ስጦታ ነው» የሚለው ሰው የሚሰርዘው ይኽን ሁሉ ነው፤ የግጥም ደራሲውን፣ የዜማ ደራሲውን፣ የልምምዱን ሰዓት፣ እስሩንም ጭምር። ስጦታ ነው ካልን ማንም መማር አይችልም፤ ማንም መማር ካልቻለ ማንም ማስተማር የለበትም። ስንፍናችን የሃይማኖት ልብስ ለብሶ ሲመጣ እንዲህ ነው።

ስለ ለቅሶውም ልናገር፤ ወጣቱን ያሸለመው እርሱ ነውና። ጥላሁን ሲቃ አለው፤ ማን ይክዳል? በወሎ ረኃብ ሰዎች ሲያልቁ «ዋይ ዋይ ሲሉ»ን ዘፈነ፤ በዚያ ዘፈን ውስጥ ለቅሶው የሚያለቅስለት ሰው አለው። ነገር ግን ድምፁ ሲሰበር ቃሉ አይሰበርም። ሲቃውን ከቃሉ በኋላ ወይም በመጨረሻዋ አናባቢ ላይ ያኖረዋል እንጂ በቃሉ ሆድ ውስጥ አይሰነቅረውም። በየሠርጉ ቤት የሚያስለቅሱን ልጆች ግን ረኃቡንም ሰውዬውንም ትተው እንባውን ብቻ ወሰዱ። ሙሽራ ሲገባ ለምን እንደሚለቀስ ያወቀ ይንገረኝ። ያ ሁሉ ሲቃ ምክንያቱ ኀዘን አይደለም፤ ትንፋሽ ማለቅ ነው። ስንኙ ሳያልቅ ሳንባው ባዶ የሆነ ሰው ማልቀስ አመቺ መሸሸጊያው ነው። ሱሉልታ ከባሕር ወለል ከ2,600 ሜትር በላይ ናት፤ ሯጮቻችን ጧት ጧት የሚለማመዱት እዚያ ነው። ከነርሱ አንዱን ብትጠይቁት የመጀመሪያውን ዙር ጉልበቱን ጨርሶ የሮጠ ሰው መጨረሻው ላይ ምን እንደሚሆን ይነግራችኋል። ያቺ የሱሉልታ ልጅ ይኽን ከማን እንደ ተማረችው ባላውቅም፣ ታውቀዋለች።

«ዘፈን ተበትኖ ሲጠና ስሜቱ ይሞታል» የሚሉኝ አሉ። ለነዚህ ወንድሞች የራሳችንን ታሪክ ላስታውሳቸው። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በ16ኛው መቶ ዓመት፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማ ምልክት ሠርተው በድጓው ፊደል ላይ አኖሩ። እስከ ዛሬ ተማሪው በያንዳንዷ ምልክት ላይ እየተገሠጸ ይማራል። የማኅሌቱ ስሜት ሞተ? እነዚያ ሊቃውንት መቅረጫ መሣሪያ ሳይኖራቸው የጻፉትን ያህል፣ እኛ በየኪሳችን መቅረጫ ይዘን የጥላሁንን አንዲት ዘፈን አዘፋፈን ቃል በቃል፣ ትንፋሽ በትንፋሽ ጽፈናልን? ሸክላዎቹን ሰብስቦ «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ ሥራ 17ኛውን ለርሱ የሰጠው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ ነው። ሰውዬውን አመሰግነዋለሁ፤ ግን እፍረቱ የኛ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለጥላሁን የክብር ዶክትሬት ሰጥቶታል። ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የዚያው ዩኒቨርሲቲ ክፍል ነው። ዶክተር ካልነው፣ ትምህርቱ የት አለ?

አሁን ወደ ማኅበራችን ጉዳይ ልግባ። ጥላሁን ያረፈው ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. በፋሲካ ነው። በመጪው ሚያዝያ የመታሰቢያ ምሽት ለማድረግ የተሰየመው ኮሚቴ፣ «ነገሩ እንዳይጋጋል» በማለት የአማርኛውን ዘፈን ባንድ ምሽት፣ የኦሮምኛውን በሌላ ምሽት ለማድረግ እያሰበ ነው ተብሏል። ይኽን ሐሳብ ፈጽሜ እቃወማለሁ። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ናቸው፤ ጧት ታክሲ የሚሳፈር ሰው በሁለቱም ቋንቋ ተጣልቶ በሁለቱም ታርቆ አዲስ አበባ ይገባል። እንዲህ ያለ ሕዝብ ዘፈን ሲሰማ ብቻ የሚከፋፈልበት ምክንያት ምንድን ነው? ጥንቃቄ የሚሉት ይኽ ዕቅድ ባንድ አዳራሽ ያየሁትን ሁለት ጭብጨባ በማኅበር ማኅተም ማጽደቅ ነው። ደግሞም ውሸት ነው፤ የአማርኛው ምሽት ወሊሶን ያጣል፣ የኦሮምኛው ምሽት የኦርኬስትራውን ልምምድ ያጣል፤ በሁለቱም ምሽት ጥላሁን አይገኝም።

ስለዚህ በጠቅላላ ጉባኤው ላይ የማቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። ምሽቱ አንድ ይሁን፤ ሁለቱም ቋንቋ ይሰማበት። ውድድርና ሽልማት ይቅር። አራት ዘፈኖች ብቻ ይመረጡ፤ እያንዳንዱም ሦስት ጊዜ ይሰማ፤ በሦስተኛው ጊዜ ግጥሙ የሚጠብቀውና የሚላላው ፊደል፣ የሚረዝመውና የሚያጥረው አናባቢ ተለይቶ በዚችው ወረቀታችን ተባዝቶ ይታደል። የያሬድ ተማሪዎች ኖታውን እንዲጽፉልን እንጠይቅ። የሱሉልታዋ ልጅ ፈቃዷ ከሆነ ሁለቱን ዘፈኖች በራሷ ድምፅ ትዝፈን፤ ማንንም ምሰይ አትባል። ኮሚቴው አዳራሽ አጣሁ እንዳይለን፣ በሰበታ ይሁን። የሰበታ መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ተማሪዎችም ይጋበዙና የፊተኛው ረድፍ ወንበር ይያዝላቸው፤ የክብር እንግዶች ሁለተኛው ረድፍ ላይ ቢቀመጡ ዘፈኑን ያው ይሰሙታል።